አምስት ዓመት የቀነስኩላት ሴት

ግጥሙን ያወቅኩት በአሥራ አንደኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አሥራ አራት መስመር ነው። አንድ ሰው ለሚወዳት ሴት ጊዜ ቆንጆን ሁሉ እንደሚያጠወልግ ይነግራትና፣ እሷን ግን በጽሑፉ አስቀርቶ ከእርጅና እንደሚያድናት ቃል ይገባላታል። በዚያ ቋንቋ እንዲህ የሚሉ የፍቅር ግጥሞች ብዙ ስለሆኑ የትኛው እንደሆነ መናገሩ ለዚህ ታሪክ አይጠቅምም። መምህራችን በቃላችሁ ያዙ አለን፤ ያዝነው። ከክፍሉ ግማሽ የሚሆነው ምን እንደሚል ሳይገባው ነው የያዘው። እኔ ገብቶኝ ያዝኩት፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚያ ነው።

ዛሬ ስለዚህ ግጥም ያለኝ አስተያየት ጥሩ አይደለም። ከላይ እስከ ታች ብታገላብጡት ሴትዮዋ የለችበትም። ስሟ የለም። ቁመቷ የለም፤ ምን እንደሚያስቃት፣ ስትቆጣ ምን እንደምትል፣ የትኛው ጥርሷ እንደተሸረፈ የለም። ከእሷ ያስቀረው አንድም ነገር ሳይኖር፣ አስቀርቼሻለሁ ማለቱ ብቻ ቀርቷል። ይህን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ባወጣው ሁለት ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህራን በየፊናቸው ደውለው ተቆጡኝ። ሁለቱም ግጥሙን በቃላቸው አወረዱልኝ። ሴትዮዋ ማን እንደነበረች ስጠይቃቸው ሁለቱም ጥያቄው አግባብ አይደለም አሉ።

እዚህ አስተያየት ላይ የደረስኩት ግን በማንበብ አይደለም። በባለቤቴ ጉልበት በኩል ነው።

ባለቤቴ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በወረቀት ሃምሳ ሰባት ነች። ልዩነቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ናይሮቢ ነበርን፤ እኔ ሃያ ስድስት፣ እሷ ሠላሳ። የተጋባነው እዚያው፣ ስድስት ሰው በተገኘበት ነው። እንግሊዝኛ አውቃለሁ ስለምል ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚያመለክተውን ስደተኛ ፎርም የምሞላው እኔ ነበርኩ። ሰው በሬ ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኛል፤ ዕድሜ የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዱ ልጁ ከአሥራ ስምንት በታች እንድትሆንለት ይፈልጋል፤ ሌላው የሟች ወንድሙን ልጅ የራሱ ማድረግ ይፈልጋል፤ የተወለደበትን ቀን የማያውቀው ደግሞ ጃንዋሪ አንድ ይባላል። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ጃንዋሪ አንድ የተወለደው ሐበሻ ቢሰበሰብ አዳራሽ አይበቃውም። እነዚያ ሰዎች ግን ምክንያት ነበራቸው።

የእሷ ተራ ሲደርስ ብዕሩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከእኔ አራት ዓመት ትበልጣለች። ቤተሰቦቿ ያውቃሉ፤ የእኔዎቹ አያውቁም። እኔም እንዲያውቁ አልፈልግም ነበር። አምስት ቀነስኩ፤ ከእኔ በአንድ ዓመት እንድታንስ።

«ለምን?» አለችኝ፣ ከጎኔ ሆና የምጽፈውን እያየች።

«ወጣት ይመርጣሉ። ለሥራ የሚሆን ሰው ነው የሚወስዱት።»

«እንዲያ ከሆነማ አሥር አትቀንስም?»

«አሥር አያምኑም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን እኮ ሰደብከኝ» ብላ ሳቀች።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግጥሙን በአማርኛ ነገርኳት። ገጣሚው በአሥራ አራት መስመር የለፋበትን እኔ በአንዲት ሣጥን ውስጥ በአራት አኃዝ የፈጸምኩት መስሎኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ስሟ ማን ነው?»

«የማን?»

«የሴትዮዋ።»

«አልተጻፈም።»

«ታዲያ ማንን ነው ያስቀረው?»

ሥነ ጽሑፍ እንደዚህ አይነበብም አልኳት። ያሁኑ አስተያየቴ የእሷ እንደነበረ ለማስታወስ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አሁን የምንኖረው ኮሎምበስ ዳር ባለችው ዌስተርቪል ነው። እሷ ኒው አልባኒ ካሉት ዌርሃውሶች፣ ከትልልቆቹ የዕቃ መጋዘኖች፣ በአንዱ ትሠራ ነበር፤ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አሥር ሰዓት፣ የዕቃ መለያ የሚያነብ ስካነር ይዛ፣ ቆማ። እኔ መጀመሪያ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቲኬት እቆርጥ ነበር። ካነበብኳቸው መጻሕፍት አብዛኞቹን ያነበብኩት እዚያ ዳስ ውስጥ ነው። በኋላ ዳሱን አፍርሰው ማሽን ተከሉበት። ከዚያ ወዲህ በስልክ በሳምንት ጥቂት ሰዓት አስተረጉማለሁ፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ ሰው የሚናደድባቸውን መጣጥፎች እጽፋለሁ። የቤታችን የጤና ኢንሹራንስ በእሷ ሥራ ነው የነበረው። የእኔ ሥራ ኢንሹራንስ የለውም።

ልጃችንን ስታረግዝ አርባ ዓመቷ ነበር። ሐኪሞቹ ያዩዋት ግን ሠላሳ አምስት ብለው ነው። አርባ ዓመት ለሞላት ነፍሰ ጡር ምን ምን እንደሚታዘዝ ላይብረሪ ሄጄ አነበብኩ። ተመልሼም ከወረቀቱ ጋር እንዳይጋጭብን ዝም እንበል አልኳት። ዝም አልን። ልጅቷ ደህና ተወለደች። በእነዚያ ወራት እንቅልፍ አጥቼ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ደህና አድርጌ እተኛ ነበር።

ባለፈው መኸር የቀኝ ጉልበቷ እምቢ አላት። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጎ አየና፣ ለሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት ይህ ጉልበት ከዕድሜው ቀድሟል አለ። ሁለታችንም ወለሉን አየን። መቆም እንድትቀንስ መከራት። ያ ሥራ ሌላ ነገር የለውም፤ መቆም ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሥጋ የምንገዛበት ሱቅ ውስጥ አንዲት ጓደኛዋ አገኘችን። አገር ቤት አንድ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ ጓደኛዋ ከእሷ አንድ ክፍል በታች።

«ሪታየር አደረግሁ» አለች ጓደኛዋ። «ስልሳ ሁለት የሞላኝ ዕለት ነው ለጡረታ ፋይል ያደረግሁት። አንድ ቀን አላሳደርኩም።»

«እሰይ። ተኚ በቃ።»

«አንቺስ? እኔ ሰባተኛ ክፍል ስሆን አንቺ ሚኒስትሪ ተፈታኝ አልነበርሽም?»

«እኔ ገና ልጅ ነኝ።»

«ምንድን ነው የምትቀቢው፣ ለእኛም ንገሪና።»

«ባሌን ጠይቂው፤ የቀባኝ እሱ ነው።»

ባለሱቁ ሳይቀር ሳቀ። «እትዬ፣ ለእኔም ሚስት ያዙልኝ ከዚያው ቅባት» አላት። እኔም ሳቅሁ። መኪና ውስጥ ገብተን ሁለት የትራፊክ መብራት አለፍን።

«አስተካክለው» አለች ከዚያ።

«ምኑን?»

«የጻፍከውን። ከእንግዲህ አምስት ዓመት መቆም አልችልም።»

ጠበቃው ቢሮው እዚያው ሰሜን በኩል፣ በጥፍር ቤትና በታክስ ቤት መካከል ነው። ደንበኞቹ ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ናቸው። ወንድሟ ከአገር ቤት የላከውን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አኖርንለት፤ ዕድሜ፣ አሥራ አራት ይላል፤ ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ነው። እኔ በሚገባ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ።

«የአገራችን ካሌንደር ከእናንተው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሆነ…» ብዬ ጀመርኩ።

እጁን አነሳ። «ካሌንደራችሁን አውቀዋለሁ። ስህተቱ ሰውን ያስረጃል። ዓመቱን ሳይቀይሩት እንዳለ ይጽፉታል፤ ሰውዬው ስምንት ዓመት አርጅቶ ይመጣል። እዚህ ወንበር ላይ እንደዚያ ሆነው የተቀመጡ ብዙ ናቸው። በካሌንደር ስህተት ወጣት የሆነ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ደግሞስ አምስት ከየት መጣ?»

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። በስምንት ዓመት አስረጅቻት ቢሆን ኖሮ የዋህ ስህተት ይባልልኝ ነበር። እሷም ዛሬ ጡረታዋን ይዛ ስምንት ዓመት ባለፋት።

ጠበቃው ለጡረታው ቢሮ የሚያስፈልገውን ነገረን። ካርዱ አለ፤ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ፎርሙን የሞላው ሰው ለምን እንደዚያ እንደሞላው በግማሽ ገጽ ጽፎ ይፈርማል። «እውነቱን» አለኝ። «የተቀናበረ ነገር ካነበቡ ያውቁታል።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። «አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ዜግነታችሁ የቆመው በዚያው ፎርም ላይ ነው። አንዴ ሐሰት ጽፈናል ብላችሁ ከፈረማችሁ ሌላ መሥሪያ ቤትም ሊያየው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ምንም አይመጣም።»

«ብዙውን ጊዜ» አለች ባለቤቴ።

«አዎ፣ ብዙውን ጊዜ ነው ያልኩት።»

በአንድ ጠዋት ስለማንኛውም ርእስ አምስት ገጽ የምጽፍ ሰው፣ ለግማሽ ገጽ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ወጣት ይመርጡ እንደነበረ ነው። ጥሩ ተጽፎ ነበር፤ ስለ ስደት ሁለት አሳዛኝ አረፍተ ነገሮችም ነበሩበት። አነበብኩትና ቀደድኩት። ስንት ፎርም ሞልቻለሁ፤ ለዚያ ቢሮ ሃያ አምስትም ሠላሳም አንድ እንደነበረ ያኔም አውቅ ነበር። እሷ ግን አታውቅም። ጠዋት ከቤት ስትወጣ «ጨረስከው?» ትለኛለች፤ ማታ ስትገባም «ጨረስከው?» ትለኛለች፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ጉልበቷ ላይ በረዶ ታደርጋለች።

በዚያ መካከል ቅዳሜ ልጃችን ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነች። ላፕቶፗን ከፍታ ፊቴ አደረገችው።

«ዳዲ፣ ይሄን ታውቀዋለህ? ፔፐር አለብኝ።»

ግጥሙ ነው፤ ያው የእኔው። አውቀዋለሁ አልኩና ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ሴትዮዋ እንደሌለችበት፣ ሰውዬው የራሱን ብዕር እንደሚያሞግስ። ሲያስተምሩኝ ከነበረው ጊዜ ይበልጥ ስሜት ነበረኝ፤ በዚያ ሳምንት ስሜት የነበረኝ በዚያ ጉዳይ ብቻ ነው።

«በት ዳዲ፣ እስካሁን እየተነበበ ነው» አለች። «ሰርቷል ማለት ነው።»

«ምን ይላል?» አለች እናቷ ከሶፋው ላይ።

ልጅቷ አማርኛ ስትናገር ቃል እየፈለገች ነው። «ማሚ፣ ሴትየዋ… አታረጅም ይላል። ፖይሙ ስላለ።»

«እሷስ ታውቃለች?»

«ምኑን?»

«አለማርጀቷን።»

«ኖ ማሚ፣ ሞታለች እኮ። ድሮ ነው።»

«እንግዲያው ሳትጠየቅ ነው» አለች ባለቤቴ። በረዶውን ወደ ጉልበቷ ጎን ገፋ አደረገችው። «አባትሽ ለእኔም ነግሮኝ ነበር። ናይሮቢ።»

«ሪሊ? ዳዲ፣ ሶ ስዊት» አለች ልጄ።

«አዎ፣ ስዊት ነበር» አለች እናቷ።

እሑድ ልጅቷ ስትሄድ ተቀመጥኩና በሩብ ሰዓት ጨረስኩት። አራት አረፍተ ነገር ነው። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ዕድሜዋን በአምስት ዓመት የቀነስኩት እያወቅኩ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ለማመልከቻውም አይጠቅምም ነበር። ከእኔ የምትበልጥ ሚስት ማግባቴ እንዳይታወቅ ስላፈርኩ ነው። ከጻፍኳቸው ሁሉ ማንም ሊከራከረኝ የማይችለው ብቸኛው ጽሑፍ ይህ ሳይሆን አይቀርም። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ወጣት ይመርጣሉ ብለኸኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት።»

«አዎ።»

«ሰው ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ ለአሜሪካ ብዬ የምዋሽ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ሐኪም ቤትም፣ ሥራ ቦታም። ልጅቷን ሳረግዝም። ለአንተ ነበር ለካ።»

አንድ ነገር እስኪሰማኝ ጠበቅኩ። ሐዘን ቢሆን፣ እፍረት ቢሆን፣ አንድ የሚታወቅ ነገር። እጆቼን አየኋቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ውጭ ጎረቤታችን ቅጠል የሚነፋበትን ማሽን አስነስቶ ነበር። ይቅርታ አልኳት፤ ድምፄ በስልክ የሌላ ሰው ቃል ሳስተረጉም እንደሚሰማው ሆኖ ወጣ። እሷም እንደዚያው ሰማችው መሰለኝ።

ወረቀቱን አጥፋ የማጠቢያ ማሽኑ መመሪያ ያለበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«አልልከውም» አለች።

«ለምን?»

«ብዙውን ጊዜ ነው ያለን ሰውዬው። በዚህ ዕድሜዬ ብዙውን ጊዜ አልፈልግም። ልጅቷም ገና አልጨረሰችም።»

«ጉልበትሽስ?»

«አምስቱን ዓመት አንተ ትሠራዋለህ።»

«የት?»

«የትስ ይሆናል? እኔ ያለሁበት። ሰው እየቀጠሩ ነው። ማክሰኞ ኦረንቴሽን አለህ፤ ልጅቷ በኦንላይን አፕላይ አድርጋልሃለች።»

«ለምን እሷ? እኔው አልሞላውም ነበር?»

«አንተ ሁለተኛ ፎርም አትሞላም» አለች።

ያለኝን ሁሉ አቀረብኩ። ወገቤን አነሳሁ። የማስተርጎሙን ሥራ አነሳሁ። የጀመርኩት መጽሐፍ እንዳለ አነሳሁ፤ ይህንን ስናገር ራሴም አላመንኩትም።

«ጻፍ፣ ማን ከለከለህ?» አለችኝ። «ሦስት ቀን እረፍት አለው እኮ። እኔ በሦስት ቀን ቤት አጽድቼ፣ አብስዬ፣ ልጅ አሳድጌበታለሁ። አንድ ገጽ አያቅትህም።»

የእኔ ኢንሹራንስ እስከሚጀምርበት ቀን ድረስ ሥራዋ ላይ ቆየች፤ በማግስቱ ባጇን መለሰች። የመጀመሪያ ቀኔ ዕለት ጠዋት እኔ ጫማ ሳስር ወንበር ስባ ተቀመጠችና ለአዲስ ሠራተኛ የሚነገረውን ነገረችኝ። ሁለት ካልሲ አድርግ። አንድ እግርህ ላይ አትደገፍ። ስካነሩን ከምሳ በኋላ በሌላው እጅህ ያዘው። የመጀመሪያውን ሰዓት አትፍጠን፤ ፈጣን ነው ብለው ከያዙህ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠብቁብሃል። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ሳይመጣብህ ሂድ። ይህን ሁሉ የተናገረችው በቁጣም በርኅራኄም አልነበረም። እንደተናገረችው አደረግሁ።

አሁን አራተኛ ወር ሆነኝ። የእሷ የነበረው መስመር ላይ ነኝ። እዚያ ያሉት የእኛ ሴቶች «የእትዬ ባል» ነው የሚሉኝ፤ ከእሷ ጋር ሲያወዳድሩኝ ዝግተኛ ነኝ፤ ይህንንም ሳይደብቁ ይነግሩኛል። አንዷ በቀደም ሣጥን ሳነሳ አይታ «ጋሼ፣ መጽሐፍ አይደለም እኮ፣ በሁለት እጅ ያንሱት» አለችኝ። እግሬ ይቃጠላል። ስለ ጸጸት ልጽፍ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት፤ የምጽፈው አልነበረኝም። የማየውን ግን ልመሰክር እችላለሁ። እሷ ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ትተኛለች። ደረጃውን ስትወርድ መደገፊያውን መያዝ ትታለች።

ያለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነበርን። የማኅበሯ ሴቶች ከበዋታል።

«ምነው ሥራ አቆምሽ አሉ፤ አሞሽ ነው?» አለቻት አንዷ።

«አርጅቼ ነው» አለች ባለቤቴ።

«የምን እርጅና! ገና አምሳዎቹ ውስጥ አይደለሽ እንዴ?»

«ስልሳ ሁለት ሞልቶኛል።»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሃያ ዓመት የምታውቃቸው ሰዎች አሉ። ለአንዳቸውም እንዲህ ብላ አታውቅም። እኔ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሜ ነበር። ሴቲቱ እሷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ በልቧ እንደምትደምር ያስታውቅባታል።

«እሱስ?»

«እሱ ሃምሳ ስምንት ነው። በአራት ዓመት ታናሼ ነው።»

«ውይ! ታናሽሽን ነዋ ሥራ ያስገባሽው።»

«ልጅ እግር ነው፣ ይችላል» አለች።

ሳቁ። ሁለት ወንዶችም ዞር ብለው አዩኝ፤ አንደኛው ሊቀልድ ፈልጎ ተወው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ ፈጀ፤ ወሬውም ወደ ሌላ ጉዳይ ሄደ። ፊቴ እንዲሞቅ ጠብቄ ነበር፤ አልሞቀም።

ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች። «መኪናው የት ነው?»

«ከወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ሩቅ ነው።»

«አምጣው እንግዲህ» አለችኝ።

በሩ ድረስ ላመጣላት ወጣሁ።